መስማት የተሳነው ልጅ በቤቱ እንግዳ እንዳይሆን፦ ለወላጆች ደረጃ በደረጃ

መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ ከመቶው ከ90 በላይ ይሆናሉ። ስለዚህ ልጁ ዓይኑን የሚገልጠው፣ ወይም በሕመም መስማቱን የሚያጣው፣ የእጅ ቋንቋ በማያውቅ ቤት ውስጥ ነው። ወላጆቹ ይወዱታል። ያለብሱታል፣ ያበሉታል፣ ሐኪም ቤትና ጠበል ይዘውት ይዞራሉ። የሚጎድልበት ወሬው ነው። አጎቱ ለምን እንዳኮረፈ፣ ጎረቤት ለምን እንደሚያለቅስ፣ ነገ ወዴት እንደሚኬድ የሚነግረው የለም። ሲጠይቅ «ቆይ» ወይም «ምንም አይደለም» ይባላል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጥናቶች ዳሰሳ መሠረት፣ በቤተሰቡ ውስጥ ሐሳቡን ማስረዳት ያልቻለ መስማት የተሳነው ልጅ፣ ከቤተሰቡ ጋር ከሚግባባው መሰሉ ይልቅ በአእምሮ ጤና ችግር የመጠቃት ዕድሉ አራት እጥፍ ነው። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ልጆች አይሰሙም። የሚለያዩት በቤታቸው ነው። የልጁን ልብ የሚጎዳው ከጆሮው መድከም ይበልጥ ከጨዋታው፣ ከምክሩና ከኀዘኑ ውጭ መቅረቱ ነው። ይህን ደግሞ ቤተሰብ ራሱ ሊያስተካክለው ይችላል። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ጀምሯቸው፤ አንዱን ሳትጨርሱ ወደሚቀጥለው ብታልፉም ችግር የለውም።

ደረጃ 1፦ ጥፋተኛ መፈለግ አቁሙ

ልጅ መስማት ሲሳነው ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «በማን ኃጢአት?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በእናት ላይ ነው። መልሱ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚይዝ ሩቤላ፣ የጨቅላ ሕፃን ከባድ ቢጫነት፣ ሳይታከም የቆየ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ እንደ ጄንታሚሲን ያሉ ጆሮን ሊጎዱ የሚችሉ መድኃኒቶች፣ በዘር የሚተላለፍ ሁኔታም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 ከመቶው መከላከል የሚቻል እንደሆነ ይገምታል። ለታናናሾቹ ክትባትና የጆሮ ሕክምና አስፈላጊ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ለዚህኛው ልጅ ግን የሚያስፈልገው ምክንያቱን መቁጠር ሳይሆን ሰላም ያለው ቤት ነው።

መስማት የተሳነው ልጅ ፊት ያነባል። እናቱ ባየችው ቁጥር ዓይኗ እንባ የሚያቀር ከሆነ፣ አባቱ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚያስገባው ከሆነ፣ ማንም ሳይነግረው «ችግሩ እኔ ነኝ» ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ ኀዘናችሁን ለሚያዳምጣችሁ ሰው አውጡት፤ ለእህት፣ ለንስሐ አባት፣ ለሐኪም፣ ከሁሉም በላይ እንደ እናንተ መስማት የተሳነው ልጅ ላሳደገ ወላጅ። ወደ ጠበልም ሆነ ወደ ዱዓ የምትሄዱ ከሆነ ሂዱ፤ ግን ልጁ ለምን እንደሚወሰድ ይወቅ። «እስኪድን» እየተባለም ቋንቋው አይቆይ። ጸሎትና ምልክት ቋንቋ አይጣሉም።

ደረጃ 2፦ ጆሮውን አስመርምሩ፣ ቋንቋውን ግን አታስጠብቁት

የጆሮ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሄዳችሁ የመስማት ምርመራ አስደርጉ። የጆሮ ኩክና የመሐል ጆሮ ኢንፌክሽን የሚታከሙ ናቸው፤ ለሌላው ደግሞ የመስሚያ መሣሪያ ሊታዘዝ ይችላል። መሣሪያ የሚያደርግ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቃላት ለመለየት ሲታገል ይውላል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚነጫነጨው ስለደከመው ሊሆን ይችላል። አውልቆ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ሰዓት ስጡት።

ብዙ ወላጅ «እጁን ከለመደ አይናገርም» በሚል ፍርሃት ምልክት ቋንቋን ያዘገያል። ይህ ፍርሃት ዕድሜው ረጅም ነው፤ በ1880 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን ምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤቶች እንዲወጣ ወስነው፣ ውሳኔያቸው ትውልዶችን ጎድቷል። የዚያው ጉባኤ ተተኪ በ2010 እ.ኤ.አ. ቫንኩቨር ላይ ተሰብስቦ ያንን ውሳኔ ውድቅ አድርጎ መጸጸቱን ገልጿል። ምልክት ቋንቋ ንግግርን አያግድም። የሕፃን አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው፤ ያ ጊዜ ያለ ቋንቋ ካለፈ በኋላ ማካካሱ ከባድ ነው። ቋንቋ የሌለው ልጅ ደግሞ ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን ንዴቱንም የሚያስተናግድበት መንገድ ያጣል።

ደረጃ 3፦ ከትእዛዝ ያለፈ ምልክት ተማሩ

የብዙ ቤቶች የእጅ ቋንቋ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው»፣ «ተኛ» ብቻ ነው። በእነዚህ ልጅን ማዘዝ ይቻላል፤ ከልጅ ጋር መጨዋወት ግን አይቻልም። ስለዚህ በሚከተለው ቅደም ተከተል ጀምሩ።

- ልጁ ራሱ የፈጠራቸውን ምልክቶች መዝግቡ። ለውሃ፣ ለአያቱ፣ ለውሻው የራሱ ምልክት አለው። ቤተሰቡ በሙሉ ይማራቸው፤ የእሱ ሐሳብ መከበሩን የሚያይበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።
- ለእያንዳንዱ የቤቱ ሰው የስም ምልክት አውጡ። ስም የሌለውን ሰው መጠየቅም ሆነ መናፈቅ አስቸጋሪ ነው።
- የጥያቄ ቃላትን አስቀድሙ፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን።
- የስሜት ቃላትን ጨምሩ፦ ደስታ፣ ንዴት፣ ፍርሃት፣ ቅናት፣ ናፍቆት፣ እፍረት፣ ድካም።
- ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ እለፉ። የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። የጣት ፊደሉም የራሳችን ነው፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ሲያሳይ፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይለያል። ልጁ ፊደል ሲቆጥር አብራችሁ ቁጠሩ።

የት ይማሩታል? የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ጠይቁ፤ በአቅራቢያችሁ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ያሉበትን ትምህርት ቤት አነጋግሩ፤ በሰፈራችሁ ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መስማት የተሳነው ሰው ካለ በሳምንት ሁለት ቀን ቤታችሁ መጥቶ እንዲያስተምራችሁ ተስማሙና የድካሙን ክፈሉት። ትምህርቱ የእናት ብቻ አይሁን። አባት፣ ወንድምና እህት፣ አያት፣ የቤት ሠራተኛም ይማሩ። እናት ብቻ የምትግባባው ልጅ፣ እናት ገበያ በሄደች ቁጥር ብቻውን ይቀራል።

ደረጃ 4፦ በገበታና በቡና ላይ ቦታ ስጡት

ልጆች ስለ ሰው፣ ስለ ነውር፣ ስለ ፍቅርና ጠብ የሚማሩት ተቀምጠው ከተማሩት ይልቅ ትልልቆች ሲያወሩ በጆሯቸው ከገባው ነው። ይህ መንገድ ለተዘጋበት ልጅ ቤተሰቡ አስቦ ሌላ መንገድ ሊከፍትለት ይገባል።

- የሁሉንም ፊት በሚያይበት ቦታ አስቀምጡት። መስኮት ከጀርባችሁ አይሁን፤ ፊታችሁ ይጨልምበታል።
- አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይጠብቅ። ተናጋሪው እጁን ያንሳ፣ ልጁም ወዴት እንደሚያይ ያውቃል።
- በየቀኑ አንድ ሰው የጨዋታውን ፍሬ ነገር ለልጁ የሚያቀብል ይሁን። ተረኛው ይለዋወጥ፤ አንዲት እህት ብቻ የዕድሜ ልክ አስተርጓሚ አትሁን፤ እሷም ልጅ ናት።
- ሁሉም ሲስቅ እሱ ቀና ካለ፣ ሳቁን አቁማችሁ ንገሩት። «በኋላ እነግርሃለሁ» ያላችሁትን በዚያው ቀን ንገሩት።
- ስትጠሩት ትከሻውን በቀስታ ንኩ፣ እጃችሁን አወዛውዙ፣ ወይም መብራት አጥፉና አብሩ። አገጩን ይዛችሁ ፊቱን አታዙሩ፤ ከኋላው መጥታችሁም አታስደንግጡት።
- መብራት ሲጠፋ ቋንቋውም አብሮ ይጠፋበታል። ባትሪ ወይም ሻማ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ሲበራም መጀመሪያ የእናንተ ፊትና እጅ ይታየው። ሌሊት የሚፈራ ልጅ አልጋው አጠገብ ትንሽ መብራት ያስፈልገዋል።

ደረጃ 5፦ ለስሜቱ ስም ስጡለት

ልጁ ዕቃ ወርውሮ ሲጮኽ፣ ከመቅጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሊነግረን ፈልጎ ያልገባን ነገር አለ?» ብዙ ጊዜ አለ። አለመግባባቱን ስትፈቱ ንዴቱም ይበርዳል። ይህ ማለት ሥርዓት አይማርም ማለት አይደለም። «አይሰማም፣ ምን ያድርግ» ተብሎ ሁሉ ነገር የተተወለት ልጅም ተጎድቷል፤ ወንድሞቹ የሚጠየቁበትን ሥራና ሕግ እሱም ይጠየቅ፣ ምክንያቱ ግን ይነገረው።

በአንድ ወረቀት ላይ ስድስት ሰባት ፊቶች ሥላችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ የሚስቅ፣ የሚያለቅስ፣ የተናደደ፣ የፈራ፣ ያፈረ፣ የደከመው። በየፊቱ ሥር ምልክቱን አብራችሁ ተለማመዱ። ማታ ማታ ለአሥር ደቂቃ ያህል ልጁ ቀኑን በሥዕል ይሣል፤ ከትምህርት ቤት፣ ከመንገድ፣ ከቤት። የትኛው ፊት የትኛው ሥዕል ላይ እንደሚሄድ ይምረጥ። ከዚያ እናንተም ተራችሁን ንገሩት፦ «ዛሬ ሥራ ቦታ ተናደድኩ፤ ወጥቼ በእግሬ ተንሸራሸርኩና በረደልኝ።» ትልቅ ሰው ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ልጁ የሚማረው ከዚህ ነው። አብራችሁ በረጅሙ መተንፈስ፣ መሮጥ፣ ኳስ መጫወት፣ ሥዕል መሣል፣ እስክስታ መውረድም ንዴትን ያስወጣሉ፤ የከበሮውን ምት በወለሉና በደረቱ ይሰማዋልና «አይሰማም» ብላችሁ ከጭፈራ አታስቀሩት።

ደረጃ 6፦ ነገሩ ሳይደርስ ንገሩት፤ ከደረሰም እውነቱን ንገሩት

ለዚህ ልጅ ብዙ ነገር ዱብ ዕዳ ነው። እናቱ ሻንጣ ይዛ ወጣች፣ አልተመለሰችም፤ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ መሄዷን ሌላው ልጅ ከሳምንታት በፊት ሰምቶ አልቅሶ ወጥቶለታል፤ እሱ ግን ጥላኝ ሄደች ብሎ ያስባል። አያቱ ሞቱ፤ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ደረቱን መታ፣ ማን እንደሞተ የነገረው የለም። ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ መርፌ ጠበቀው። እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገም ልጁ ሁልጊዜ ተጠንቅቆ የሚኖር፣ በቀላሉ የሚደነግጥ፣ ወላጁን ከዓይኑ ማራቅ የማይችል ይሆናል።

ስለዚህ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ስቀሉ። ጉዞ፣ ሰርግ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ትምህርት የሚከፈትበት ቀን በሥዕል ይግባበት። የሚሄደው ሰው ፎቶ፣ የሚሄድበት አገር፣ የሚመለስበት ጊዜ ይታይ። መመለሻው ካልታወቀ «መቼ እንደሆነ አናውቅም፤ ግን በየሳምንቱ እሑድ በስልክ ታያታለህ» በሉት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። ቤይሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ያለች እናት ከዚህ ልጅ ጋር በቪዲዮ በእጇ ማውራት ትችላለች፤ ከዚያው ሆና ምልክቶቹን ከታናናሾቹ ትማር። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ሁለቱም እጆቿ ይታዩት።

ሞት ሲሆን «ተኝቷል» ወይም «ሩቅ አገር ሄዷል» አትበሉት፤ ይጠብቃል። መሞት ምን እንደሆነ፣ ሰውየው እንደማይመለስ፣ ማዘን ተገቢ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ንገሩት። ለቅሶው ላይ አብሯችሁ ይቀመጥ፤ የሚያስረዳው ሰውም አጠገቡ ይኑር።

ደረጃ 7፦ ከመሰሎቹ ጋር አገናኙት

መስማት የተሳነው ትልቅ ሰው አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ ሲያድግ መስማት እንደሚጀምር ሊያስብ ይችላል፤ አለዚያም እንደ እሱ ያሉ ልጆች ሳያድጉ ይሞታሉ ብሎ ሊፈራ ይችላል። አንድ መስማት የተሳነው አናጺ፣ መምህር፣ ልብስ ሰፊ፣ የልጆች አባት ማየት ይህን ፍርሃት ከየትኛውም ምክር በላይ ይሰብረዋል። በአዲስ አበባ አልፋና የመካኒሳው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት፣ በሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት የታወቁ ናቸው። ልጃችሁ እዚያ ባይማር እንኳ በበዓላቸውና በስፖርት ቀናቸው ይዛችሁት ሂዱ። በከተማችሁ ያሉ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች የሚሰባሰቡበትን ቀንና ቦታ አጠያይቁ። ልጁ ማንም ሳያስተረጉምለት እንደ ልቡ የሚያወራበት፣ ቀልድ የሚቀልድበት፣ ተጣልቶ የሚታረቅበት ቦታ ያስፈልገዋል። አዳሪ ትምህርት ቤት ከገባ ደግሞ በእረፍት ሲመለስ ቤቱ ቋንቋውን ይወቅለት፤ አለዚያ ዕረፍቱ ብቸኝነት ይሆንበታል።

ደረጃ 8፦ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋገሩ

በዚያው የላንሴት ዳሰሳ፣ ሐሳባቸውን ማስረዳት የሚቸግራቸው ልጆች በትምህርት ቤትም ይበልጥ በደል እንደሚደርስባቸው ተመልክቷል። ስለዚህ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም ጠይቁ፦

- በክፍሉ ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ወይም አስተርጓሚ አለ?
- መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ ያስተምራል ወይስ ወደ ተማሪው?
- በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ይጫወታል? ብቻውን የሚቀመጥ ከሆነ ማን ያየዋል?
- «ደንቆሮ» ወይም «ዱዳ» እያሉ የሚሰድቡት ልጆች ሲኖሩ ምን ይደረጋል?
- ለክፍል ጓደኞቹ በሳምንት ጥቂት ምልክቶች ማስተማር ይቻላል? ልጁ ራሱ መምህር ቢሆን ይወዳል?

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱም ምልክት ቋንቋን መማርና በእሱ መማርን ይጠይቃል። የምትጠይቁት የልጃችሁን መብት ነውና ሳትሸማቀቁ፣ በአክብሮት ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ራሱን የሚጠብቅበትን ቃል አስተምሩት

በልጆች ላይ ጥቃት የሚያደርስ ሰው መናገር የማይችለውን ይመርጣል። ስለዚህ የሰውነት ክፍሎችን በሙሉ፣ የሚሸፈኑትንም ጨምሮ፣ በምልክት አስተምሩ። «አልፈልግም»፣ «ነካኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ደብቅ አለኝ» የሚሉትን ይወቅ። የሚነግራቸው ሦስት ትልልቅ ሰዎች ይኑሩት፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ሲነግራችሁ አትቆጡ፣ አታቻኩሉት፣ እመኑት። ወንድ ልጅም ይህ ሁሉ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 10፦ የጭንቀት ምልክት ሲታይበት እርዳታ ፈልጉ

ከሁለት ሳምንት በላይ የሚከተሉት ከታዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፦ ከሚወደው ጨዋታ መራቅ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከመጠን በላይ መተኛት፣ ምግብ መተው፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና መጀመር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድና የራስ ሕመም፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት፣ ምልክት ማድረግ ማቆም፣ ራስን መምታት ወይም መቧጨር። መሞት እንደሚፈልግ ካሳየ ወይም ራሱን ለመጉዳት ከሞከረ አንድ ቀንም አትጠብቁ። ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒት፣ ፀረ ተባይ፣ ገመድና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በክልልም ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ክፍል አላቸው።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ የጆሮ ወይም ሌላ የአካል ሕመም አለመኖሩ አብሮ ይመርመር፤ ሕመሙን መናገር ያልቻለ ልጅ ይበሳጫል። ሁለተኛ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ መስማት የተሳናቸውን ብሔራዊ ማኅበር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁ የቤቱን ችግር በእናቱ ወይም በእህቱ በኩል ሊናገር አይችልም። ሦስተኛ፣ ለሐኪሙ ንገሩት፦ ፈጣን የእጅ እንቅስቃሴና ጎላ ያለ የፊት ገጽታ የምልክት ቋንቋ አካል ናቸው፣ የመረበሽ ምልክት አይደሉም፤ አጥርቶ አለመጻፉም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አያሳይም።

በዚህ ሳምንት የሚጀመር

ሰኞ የልጁን የራሱን ምልክቶች መዝግቡ። ማክሰኞ ለሁሉም የስም ምልክት አውጡ። ረቡዕ የስሜት ፊቶቹን ሣሉ። ሐሙስ የመቀመጫ ቦታውን አስተካክሉ፣ ባትሪውን ቦታ አስይዙ። ዓርብ መምህሩን አነጋግሩ። ቅዳሜ መስማት የተሳነው አንድ ሰው ቤታችሁ ጋብዙ። እሑድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የተማረውን ይከልስ፤ ስትሳሳቱ የሚያርማችሁ ልጁ ይሁን። እጃችሁ መጀመሪያ ላይ ይተሳሰራል፤ ልጁ ግን ታግሶ ያስተምራችኋል። ቋንቋውን አሳምራችሁ እስክትችሉ አትጠብቁ፤ የምታውቁትን ያህል ዛሬ አውሩት፣ ሲያወራችሁም እስከ መጨረሻው ተመልከቱት።